ለተሰነጠቀ ጋን የተገኘ ሥራ

በኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ካሉት ተክሎች አንዱም ለተክል ተብሎ በተሠራ ዕቃ ውስጥ አልበቀለም። ጤና አዳሙ የእናቴ የጠላ ጋን ውስጥ ነው። በሶብላው ታቹ በተበሳ ብረት ድስት፣ ቃሪያው አንገቱ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን፣ ናናው በዱቄት ወተት ጣሳ፣ ጠጅ ሣሩ እጀታው በወለቀ ባልዲ ውስጥ አድጓል። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ጨዋታውን ከዕቃዎቹ ይጀምራል፤ «ጎበዝ፣ ገንዘብ ቆጠብሽ» ይለኛል። ምስጋናውን እቀበላለሁ። እኔን የያዘኝ ግን የሃይማኖት ጥያቄ ነው። አንድ ነገር የተሠራበትን አገልግሎት መስጠት ካቆመ፣ ወደዚያ አገልግሎትም መመለስ ካልቻለ፣ መታደስ ይችላል ወይ? ሰውስ?

ጥያቄው የመጣብኝ ከኑሮዬ ነው። ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ባለቤቴን በሞት ካጣሁና ከማስተማር ከተሰናበትኩ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ በደግነት የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ «አይዞሽ፣ እንደ ድሮሽ ትሆኛለሽ»። በቤተ ክርስቲያንም ስለ ንስሐና ስለ መታደስ ሲሰበክ ጆሮዬ ውስጥ የሚቀረው ተስፋ ይኸው ነው፤ የጠፋው ይመለሳል፣ ስብራቱ እንዳልነበረ ይሆናል። አሜን እላለሁ። ነገር ግን ባለቤቴ በዚህ ምድር እንደማይመለስ፣ እኔም ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት እንደማልቆም አውቃለሁ። ስለዚህ እንደ ድሮው መሆን የማይችል ሰው የሚታደሰው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ጋኑን በደንብ ላስተዋውቃችሁ። እናቴ ለማርያም ጽዋ ማኅበር ጠላ የምትጠምቅበት ነበር። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ውስጡን በግራዋ ቅጠል ታሸዋለች፣ ደጋግማ ታለቀልቀዋለች፣ ከዚያም በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። እኛ ልጆቿ በዚያ ቀን ወደ ጋኑ እንዳንጠጋ እንከለከል ነበር፤ የማርያም ነውና። የድሮ ሰፈራችን ፈርሶ ወደ ጀሞ ስንዛወር፣ የጭነት መኪና ላይ ሲወጣ ከከንፈሩ እስከ ሆዱ ድረስ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ባይኖርስ? ማኅበርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ በአራተኛ ፎቅ ላይ ጠላ የሚጠምቅም የለም። ዕቃው ብቻ አይደለም የተሰበረው፤ ያገለገለበት ዓለም ራሱ አልፏል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሁለት እጥፍ ጉዳት ይደርስበታል። ጤናው ወይም ሥራው ይሄዳል፤ ቀና ብሎ ሲያይ ደግሞ የሚያውቀው ሰፈር የለም።

አንድ ቀን ቁራሌው በሕንፃችን ሥር ሲያልፍ ጠራሁት። ወጣት ልጅ ነው፤ ማዳበሪያውን ከትከሻው አውርዶ ጋኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና ድምፁን አዳመጠ።

«ማዘር፣ ሸክላ እኮ አንገዛም» አለኝ። «ብረት ይቀልጣል፣ ፕላስቲክ ይፈጫል። ይሄ አንዴ ከተሰነጠቀ ገል ነው።»

እውነቱን ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው ያየዋል፤ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። የተተኮሰ ሸክላ ግን መመለሻ የለውም። ምክንያቱንም ሙያዬ ያስረዳኛል። ያልተተኮሰ ጭቃ ደርቆ ቢፈረፈር እንኳ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። እሳት ገብቶ ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በኋላ ግን በማዕድኑ ውስጥ የታሰረው ውሃ ወጥቶ ይሄዳል፤ የሸክላው ውስጣዊ አሠራር ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ መቶ ዓመት ቢነከር ጭቃ አይሆንም። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የሺህ ዓመታት ገል ሳይሟሟ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ጽናቱንም፣ ዳግመኛ ያለመበጀቱንም የሰጠው ያው እሳት ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በትንቢቱ ምዕራፍ 18 ላይ እግዚአብሔር ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት እንዲወርድ ያዘዋል። ሠሪው በእጁ ላይ የነበረው ዕቃ ሲበላሽበት ያንኑ ጭቃ መልሶ ሌላ ዕቃ አድርጎ ይሠራዋል። ይህ ምዕራፍ በየዐውደ ምሕረቱ ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ ለወጣቶች ጉባኤ የተመቸ ነው። ተከትሎት የሚመጣው ምዕራፍ 19 ግን እምብዛም ሲሰበክ አልሰማሁም። እዚያ ነቢዩ አልቆ የተሸጠ የሸክላ ዕቃ ይገዛል፤ ሽማግሌዎችን አስከትሎ ወደ ሄኖም ልጅ ሸለቆ ይወጣና በፊታቸው ይሰብረዋል። መልእክቱም ሕዝቡና ከተማዋ ሊጠገን እንደማይችል ሸክላ እንደሚሰበሩ የሚናገር ነው። ሁለቱ ምዕራፎች ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው። ሁለቱም ስለ ሸክላ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ሕዝብ ይናገራሉ። በመካከላቸው ያለው እሳት ነው፤ የመጀመሪያው ገና እርጥብ ነው፣ ሁለተኛው ተተኩሷል።

በ18ኛው ምዕራፍ ውስጥ ራሴን ፈልጌ አጣሁት። ዕድሜዬም፣ ልማዴም፣ ኀዘኔም ተኩሰውኛል። የእኔ እኩዮችም እንዲሁ ናቸው። ጠባያችን ጸንቷል፣ የመረጥነውን መርጠናል፣ ያጣነውን አጥተናል። ስለዚህ ጥያቄዬ ጠበበ። እርጥብ ጭቃ ለሆነው ተስፋ እንዳለው አውቃለሁ። ለተተኮሰውና ለተሰበረውስ ምን ተጠብቆለታል?

የመጀመሪያውን ፍንጭ ያገኘሁት ጋኑን ስናስበሳው ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሼ አሳደርኩትና በማግሥቱ የጎረቤቴ ልጅ ድሪሉን ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ጨርሶ ይከፈላል እኮ!» አለኝ።

«ሳትጫነው፣ ቀስ እያልክ ልጄ» አልኩት።

ጋኑን አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ደፋነው። እኔ መብሻው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፤ እሱ ትንፋሹን ይዞ ይበሳል። መጀመሪያ የወጣው ዱቄት ቀይ ነበር። መብሻው ወደ ውስጥ ሲጠልቅ ጥቁር ዱቄት መውጣት ጀመረ፤ የእናቴ የዓመታት የወይራ ጭስ ነበር። በቀዳዳው በኩል ብርሃን ገባ። ጋኑን አቃንተን ስንጥቁ እንዳይሰፋ ወገቡን በሽቦ አሰርነው። ቀዳዳውን በአንድ ቁራጭ ገል ሸፈንኩ፤ ውሃው ይውረድ፣ አፈሩ ይቅር ብዬ ነው። በላዩ ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ጠጠር፣ ከዚያ አፈርና የበሰለ ፍግ፣ ጥቂት የቡና አተላ ጨመርኩና ከዘመድ ግቢ የመጣ የጤና አዳም ቅርንጫፍ ተከልኩበት።

ጤና አዳም ውሃ የተኛበት አፈር አይስማማውም። ሥሩ አየር ይፈልጋል፤ ውሃ መውጫ ሲያጣ አየሩን ያባርረውና ሥሩ ይበሰብሳል። ለጠላ ነውር የነበረው ቀዳዳ ለሥሩ መተንፈሻ ሆነለት። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። ጋኑ ደህና ሆኖ ቢመጣ ኖሮ እንኳ ተክል እንዲያሳድግ መብሳቴ አይቀርም ነበር። ሙሉነቱ ለድሮው ሥራ የተገባ ነበር፤ ለአሁኑ ሥራ እንቅፋት ይሆን ነበር። ያልተሸፈነው ሸክላ ግድግዳውም ያልበዋል፤ በላቡም አፈሩን ያቀዘቅዝለታል። እናቴ ጠላውን ቀዝቃዛ የምታደርግበት ያው ጠባይ ነው።

ከዚህ ወዲህ መጠገንንና መታደስን ለይቼ አያለሁ። የተጠገነ ዕቃ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ ይህም ሲገኝ ትልቅ ምሕረት ነው። የተጣላ ከታረቀ፣ የታመመ ከዳነ፣ ሱሰኛ ካቆመ ደስ ይበለን። የታደሰ ግን ቀድሞ ያልነበረ ሥራ ሊሰጠው ይችላል። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ያ ቸርኬ ዳግመኛ አስፋልት አልነካም፤ ነገር ግን በየማለዳው ሕፃናትን ጠርቶ ወደ ክፍል አስገብቷል።

ወደ ኤርምያስ ልመለስ፤ የሸክላ ታሪኩ በስብራቱ አላለቀምና። በምዕራፍ 32 ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባለች፤ ነቢዩም ታስሯል። በዚያ ሰዓት ከአጎቱ ልጅ በዓናቶት ያለ እርሻ በ17 ሰቅል ብር ይገዛል። ጠላት የያዘውን መሬት መግዛት በገበያ ሂሳብ ገንዘብ መጣል ነው። የውሉን ጽሑፍ ግን ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያስቀምጡት ያዝዛል፤ በዚያች ምድር ዳግመኛ ቤትና እርሻ ይገዛልና። ፍርድን ለማሳየት ሸክላ የሰበረው ነቢይ ተስፋውን ለማቆየት አደራ የሰጠው ለሸክላ ነው። ያን ጊዜም የሚያስፈልገው እርጥብ ጭቃ አይደለም። እርጥብ ጭቃ ጽሑፍ አያቆይም። አደራ የሚጠብቀው እሳት ያለፈበት ነው።

ምዕራፍ 38 ደግሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካናል። ነቢዩን ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ጥለውት ሊሞት ሲል፣ ከንጉሡ ፈቃድ ጠይቆ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር። እንዴት አወጣው? ከግምጃ ቤቱ በታች ከነበረ ክፍል ያረጀና የተበጣጠሰ ጨርቅ ሰብስቦ በገመድ አወረደለት፤ ገመዱ እንዳይልጠው ብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው። በዚያ ግምጃ ቤት የከበረ ዕቃ ሳይኖር አይቀርም። የእግዚአብሔርን ነቢይ ብብት ያዳነው ግን ማንም ያልፈለገው እራፊ ነው። አቤሜሌክ ያንን እራፊ ሲያይ ምን እንደሚሠራ ያወቀው የተቸገረ ሰው በልቡ ስለነበረ ይመስለኛል። ቁሻሻ ክምር ፊት ቆሞ ሰውን የሚያስብ ብቻ ነው የተጣለውን ዕቃ አዲስ ሥራ የሚያገኝለት።

ቤተ ክርስቲያናችን ተረፈ ባሮክ ብላ በምትቀበለው መጽሐፍ ደግሞ የዚሁ ሰው ታሪክ ይቀጥላል። አቤሜሌክ የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ ኤርምያስ ለሕሙማን በለስ እንዲያመጣ ወደ እርሻ ይልከዋል። በዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ በቅርጫቱ ያለው በለስ ዛሬ እንደተቀጠፈ ነው። ወደ ከተማዋ ሲገባ ግን ከተማዋን መለየት አቃተው፤ ዘመዶቹም የሉም። በለሱን እንዲያደርስላቸው የተላከባቸው ሕሙማን የሉም። ሆኖም በለሱ አልባከነም። ባሮክ የትንሣኤ ምልክት አድርጎ ተቀበለው፤ ከደብዳቤ ጋርም በባቢሎን ወዳለው ወደ ኤርምያስ ተላከ። የቤቱ አድራሻ የጠፋበት ስጦታ ለስደተኞች መጽናኛ ሆነ። ሰፈሬ ፈርሶ ሰፈርተኛው ተበትኖ ሳለ ይህን ታሪክ ሳስብ፣ በእጄ የቀረው ነገር ለማን ሊሆን እንደሚችል ለመጠየቅ ድፍረት አገኛለሁ።

ይህን ስል ግን ሁለት ነገር መናገር አለብኝ። አንደኛው መታጠብን ይመለከታል። የተጣለ ዕቃ ሁሉ ለሚበላ ተክል አይሆንም። የፀረ ተባይ መርዝ የያዘ ዕቃ፣ የባትሪ ቀፎ፣ የአሮጌ ቀለም ጣሳ ቢያምርም ጎመን አይተከልበትም፤ መርዙ ወደ አፈሩ ይገባል። የኦሪት ዘሌዋውያን ሕግም ስለ ዕቃ ቀልድ አያውቅም። ርኩስ ነገር የወደቀበት የእንጨት ዕቃ ይታጠባል፣ የሸክላ ዕቃ ግን ይሰበራል ይላል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ፣ ያው ርኩስ ነገር በሚዘራ ዘር ላይ ቢወድቅ ዘሩ ንጹሕ ነው ይላል። ይህን አጠገብ ለአጠገብ ሳነብ ተደንቄያለሁ። ዕቃው ይፈረድበታል፤ ሕይወት ያለው ዘር ግን ያልፋል። ንስሐም እንዲሁ ነው፤ መርዛችንን ሳናወጣ «ታድሻለሁ» ብንል በላያችን የሚበቅለው ሌላውን ይጎዳል። ቢታጠብም ዕቃው በራሱ ምንም አያበቅልም። ጋኑን ባዶውን ለዘመናት ባስቀምጠው አንዲት ቅጠል አያወጣም። ሕይወቱ ከዘሩ፣ ከአፈሩ፣ ከዝናቡና ከፀሐዩ ነው፤ እነሱ ደግሞ የእግዚአብሔር ናቸው። የእኛ ድርሻ ቦታ መስጠት ነው።

ሁለተኛው የከበደ ነው። ከፎቃችን በታች የምትኖር ልጇን የቀበረች እናት አለች። ስለ ጋኑ ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እህቴ፣ እኔ እንግዲህ የተሰበርኩት አበባ ሊተከልብኝ ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነው። ስብራት በጎ ነው የሚል ሰባኪ ያዘነ ሰው ቤት አይግባ። የጋኑ መሰንጠቅ መልካም አልነበረም፤ የማርያም ጠላ ከዚያ ወዲህ አልተጠመቀበትም፤ ያ ጉዳት ዛሬም ጉዳት ነው። የልጇ ሞት ደግሞ ከዕቃ ጋር አይተያይም። እኔ የማምነው ክፉው በጎ ነበር ብዬ ሳይሆን፣ እግዚአብሔር በክፉው ላይ የመጨረሻውን ቃል ለክፉው አይተውም ብዬ ነው። በዳግም ትንሣኤ እሑድ የምናስበው ቶማስ ከሞት የተነሣውን ጌታ ያወቀው በቁስሉ ነው። ሞትን ድል ያደረገ ሥጋ የችንካሩን ምልክት ይዞ ተነሣ። ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ ግን አቆየው። በዚያ ምልክት ተጠራጣሪው አመነ። ትንሣኤ እንኳ ስብራቱን እንዳልነበረ ካላደረገው፣ እኔም እንዳልነበረ እንዲሆንልኝ መጠበቅ የለብኝም።

ለዚያች እናት ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ለቅሶ ቤት ሄጄ «እግዜር ያጽናሽ» ብዬ ንፍሮዬን በልቼ የምመለስ ሰው ነበርኩ። አሁን ሠልስቱ አልፎ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ከሄደ በኋላ ምሽቱ እንዴት እንደሚረዝም አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት ሄጄ እቀመጣለሁ። ይህን ሥራ ደህና ሳለሁ ልሠራው አልችልም ነበር።

ስለ ዕቃ ስናገር ሠሪዋን መርሳት አልፈልግም። የእናቴን ጋን የሠራችውን ሴት አላውቃትም። በአዲስ አበባ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ለረጅም ዘመን የኖሩበት ሰፈር ነው፤ በሌላውም የአገራችን ክፍል ሙያው በአብዛኛው የሴቶች ነው። እኛ በእንስራቸው ውሃ ጠጣን፣ በምጣዳቸው እንጀራ ጋገርን፣ በጋናቸው ለማኅበር ጠላ ጠመቅን፤ እነሱን ግን «ቡዳ» ብለን ከማዕዳችንና ከጋብቻችን አራቅናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። እግዚአብሔር ራሱን በሸክላ ሠሪ መስሎ በነቢዩ አፍ ሲናገር፣ በዚያው አምላክ የምናምን እኛ ሸክላ ሠሪዋን ጣልናት። ዕቃን ከመጣል ሰውን መጣል ይከፋል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እኛ ከጣልነው ውስጥ የሚሸጥ እየለቀሙ፣ በአጠገቡም ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የቆሻሻ ከረጢቴን ስቋጥር የሚከፍተው ሰው እንዳለ አስባለሁ፤ የተሰበረ ጠርሙስ ለብቻ እጠቀልላለሁ። በእምነት የሚደረግ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን «ጣልኩት» የምለው ነገር ሁልጊዜ የሆነ ሰው እጅ ላይ እንደሚወድቅ ያስታውሰኛል። ጀሪካን ቆርጦ ቃሪያ መትከል የቆሼን ሰው ቤት አይሠራለትም፤ ያ የመንግሥትም የሁላችንም ዕዳ ነው። ዓይንን ግን ያሠለጥናል፤ «ከዚህ ወዲያ አይጠቅምም» የሚለው ፍርድ ከአፋችን ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል።

ስለዚህ ለንስሐ አባቶች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለየቤተሰቡ የምለው አለኝ። በየደብራችን የተተኮሱና የተሰነጠቁ ሰዎች ሞልተዋል። ዓይኑ የደከመ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች እህት፣ ትዳሩ የፈረሰበት ዲያቆን፣ ድምፁ የተዘጋ መሪጌታ አሉ። ወደ ቀድሞ ቦታቸው መመለስ የሚችሉትን እንርዳቸው። መመለስ የማይችሉትን ግን ማጽናኛ ሰጥተን ከጥግ አናስቀምጣቸው። ከዐረብ አገር የተመለሰችው እህት ልትሄድ የተነሣችውን ልጅ ማንም ሊመክራት በማይችለው መንገድ ትመክራለች። ድምፁ የተዘጋው መሪጌታ የቅኔ ተማሪውን በጆሮው ያርማል። በእያንዳንዳቸው ስብራት በኩል ሊያልፍ የሚችል እርዳታ አለ፤ የሚያስፈልገው እንደ አቤሜሌክ የተቸገረውን ሰው በልቡ ይዞ «ይህ ለማን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ይህን ጥያቄ በጉባኤ መጨረሻ ላይ በግልጽ ጠይቁ፤ ስም ጠርታችሁ ሥራ ስጡ። መታደስን የምንሰብክ ከሆነ ለታደሰው ሰው የሚሠራው ሥራ ማዘጋጀት የስብከቱ ግማሽ ነው።